ድጋፍ ማለት ነጥብ መጨመር አይደለም

(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎችና ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ ከተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሳችን አካል ጉዳተኛ የሆኑ ወጣቶች ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚያገኙት ድጋፍ ነው። «እኛ ገና አሁን ፊደል የቆጠርን ሰዎች ነን፤ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ምን አገናኘን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ ወይም እግሩ የማይራመድ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ይህ ልጅ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ጥሩ ውጤት ያመጣል። ከዚያ በኋላ አባትና እናት፣ አጎትና አክስት ተቀምጠው ይመክራሉ። «ደረጃውን ማን ደግፎ ያወጣዋል? መጽሐፉን ማን ያነብለታል? ከዘመድ ርቆ ከሚንገላታ ቤት ቢቀመጥ ይሻለዋል» ይባላል።

ቤተሰቡ ይህን የሚለው ጠልቶት አይደለም። ምን ዓይነት ድጋፍ እንዳለ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ በዚያ ምክክር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይህን ጉዳይ ቢያውቅ የአንድ ልጅ ዕድሜ ከመባከን ይድናል።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንያዝ። ድጋፍ ማለት ምጽዋት አይደለም። ነጥብ መጨመርም አይደለም። ድጋፍ ማለት ተማሪው ከሌሎች ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት ተምሮ፣ አንድ ዓይነት ፈተና እንዲፈተን መንገዱን መክፈት ማለት ነው።

ዝም ያለ ወረቀት

እስቲ ከምናውቀው እንነሣ። ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊት ወረቀት ለእናንተ ምን ነበር? ዝም ያለ ነገር ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላችሁ ሰው ትፈልጉ ነበር። ያን ጊዜ የጎደለው አእምሮ ነበር? አልነበረም። ማሰብ፣ ማረስ፣ መነገድ፣ ልጅ ማሳደግ፣ ሽማግሌ ሆኖ ማስታረቅ ትችሉ ነበር። የጎደለው መንገዱ ነበር። መንገዱን ስታገኙ ወረቀቱ ተናገረ።

ዓይኑ ለማያይ ሰውም በቀለም የተጻፈ ወረቀት ዝም ያለ ነገር ነው። አእምሮው ግን ሙሉ ነው። የሚያስፈልገው ሌላ መንገድ ነው። ይህን መንገድ ያበጀለት ሉዊ ብሬይል የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ብሬይል እ.ኤ.አ. በ1809 ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ ከቆዳ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሕፃን ሳለ በአባቱ መሥሪያ ቤት ሲጫወት ስለታም መሣሪያ ዓይኑን ወጋው፤ በኋላም ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። በ1824፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በጣት የሚነበብ ጽሕፈት አበጀ። ጽሕፈቱ በስሙ ብሬይል ይባላል።

በብሬይል እያንዳንዱ ምልክት የሚሠራው ከስድስት ነጠብጣቦች ነው። ነጠብጣቦቹ በወፍራም ወረቀት ላይ አበጥ ብለው ይወጣሉ፤ አንባቢው በጣቱ ይዳስሳቸዋል። የአማርኛ ብሬይልም አለ። እኛ «ቡ» የምንለውን በአንድ ፊደል እንጽፋለን። በአማርኛ ብሬይል ግን የ«ብ» ድምፅ ለብቻው፣ የ«ኡ» ድምፅ ለብቻው ምልክት አላቸው። ፊደሉ ተለወጠ እንጂ ቋንቋው ያው አማርኛችን ነው።

በዩኒቨርሲቲ ምን ዓይነት ድጋፍ ይሰጣል?

ጉዳቱ የተለያየ ስለሆነ ድጋፉም የተለያየ ነው። ተራ በተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ማየት የተሳናቸውን እንውሰድ። እነዚህ ተማሪዎች መጽሐፉን በብሬይል፣ በድምፅ ቅጂ ወይም በኮምፒዩተር ያገኙታል። ዛሬ በኮምፒዩተርም ሆነ በእጅ ስልክ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ተማሪው የመምህሩን ንግግር በስልኩ ቀድቶ ማታ መኝታ ክፍሉ ያዳምጠዋል። መምህሩም አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላል፤ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን በአፉም ይናገራል። «ይህን ከዚያ ጋር ስንደምረው» ካለ የማያይ ተማሪ ምን እንደተደመረ አያውቅም። «አሥራ ሁለትን ከስምንት ጋር ስንደምር» ካለ ግን ሁሉም ይከተለዋል። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሁለተኛ፣ መስማት የተሳናቸው አሉ። ለእነርሱ የሚያስፈልገው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው መምህሩ አጠገብ ቆሞ ንግግሩን በእጁና በፊቱ ይተረጉማል። አንድ ተማሪ ዓይኑን አስተርጓሚው ላይ አድርጎ በዚያው ጊዜ ደብተሩ ላይ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ማስታወሻ የሚጽፍለት ሰው ይመደብለታል። ወይም ጓደኛው የጻፈውን ኮፒ አድርጎ ይሰጠዋል።

ሦስተኛ፣ በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሰጥ ትምህርት ለእነርሱ የተቆለፈ በር ነው። አሳንሰር ካለ ችግሩ ይቃለላል። ከሌለ ትምህርቱ ወደ ምድር ቤት ይዛወራል። መኝታ ክፍላቸውም ምድር ቤት፣ ለመጸዳጃና ለምግብ አዳራሽ ቅርብ እንዲሆን ይደረጋል። በደረጃው ጎን ዘወርዋራ፣ ለጎማ የሚመች ተዳፋት ይሠራል።

አራተኛ፣ ጉዳታቸው በዓይን የማይታይ ተማሪዎች አሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የአእምሮ ሕመም የሚታከም፣ ወይም አእምሮው ብሩህ ሆኖ ሳለ ፊደል እየተምታታበት ማንበብ የሚያዳግተው ተማሪ ከዚህ ይመደባል። «ምንም አልሆነም፤ ሰንፎ ነው» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ተማሪ ነው። ለእርሱም ጸጥ ያለ የፈተና ክፍል ወይም ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል። ታሞ ሲውልም የቤት ሥራው ማስረከቢያ ቀን ይራዘምለታል።

«ይህ ማዳላት አይደለም ወይ?»

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ሌላው ተማሪ አንድ ሰዓት ሲፈተን ለአንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ለምን ይሰጠዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

በዓይን የሚያነብ ሰው አንድን ገጽ በአንድ ጊዜ ያያል። ወደ ኋላ መመለስ ቢፈልግ ዓይኑን ማንሣት ብቻ ይበቃዋል። በጣቱ የሚያነብ ሰው ግን እያንዳንዱን ምልክት መዳሰስ አለበት። ጥያቄው በሰው ቢነበብለትም «እባክህ ሦስተኛውን ድገምልኝ» ይላል፤ አንባቢው ፈልጎ እንደገና ያነብለታል። መልሱንም ይናገራል፤ ጸሐፊው ይጽፋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ተጨማሪው ሰዓት የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ጥያቄው አይቀነስለትም። ማለፊያው ነጥብም ያው ነው። ፈተና የሚያነብለት ሰው መልሱን አይጠቁምም፤ በድምፁም ቢሆን ፍንጭ አይሰጥም። የሚጽፍለትም ሰው ተማሪው ያለውን ብቻ ይጽፋል። ተማሪው ካላወቀ ይወድቃል። ካወቀ ያልፋል።

መነጽር ያደረገ ተማሪ በፈተና ክፍል አይታችሁ «መነጽሩን አውልቅ፤ ለሌሎቹ አልተሰጠም» የሚል ፈታኝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። መነጽር እውቀት አይጨምርም፤ ወረቀቱን ያሳያል። ብሬይልም፣ አስተርጓሚም፣ ተጨማሪ ሰዓትም እንደዚሁ ናቸው።

ይህ አሠራር ከየት መጣ?

ድጋፉ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ተማሪዎችና ቤተሰቦች ጠይቀው፣ ተከራክረው ያመጡት ነው። የአሜሪካን ታሪክ ለምሳሌ እናንሣ። በዚህ ክፍል የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ኤድ ሮበርትስ የሚባል ልጅ በ1953፣ በ14 ዓመቱ፣ ፖሊዮ ያዘው። ከአንገቱ በታች ሰውነቱ ሽባ ሆነ። ሌሊት የሚተነፍሰው መተንፈሻ በሚያግዝ ትልቅ የብረት መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ «የስፖርትና የመኪና መንዳት ትምህርት አላሟላህም» ተብሎ ዲፕሎማ ሊከለከል ነበር። ሰውነቱ የማይንቀሳቀስ ልጅ እንዴት አድርጎ ስፖርት ይሥራ? እናቱ ወይዘሮ ዞና ሮበርትስ ዝም አላሉም፤ ተከራክረው ዲፕሎማውን አሰጡት።

በ1962 በርክሌይ ከተማ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ገባ። የተማሪዎች መኝታ ቤት ያንን ከባድ መሣሪያ የሚችል ስላልነበረ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ ክፍል ተሰጠው። እርሱን አይተው ሌሎች ከባድ ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎችም መጡ። ተሰባስበው መከሩና በ1970 ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ አገልግሎት በዩኒቨርሲቲው ተቋቋመ። ረዳት ሰው ማገናኘት፣ የተበላሸ ተሽከርካሪ ወንበር መጠገን፣ የሚመች ቤት መፈለግ ሥራው ነበር።

ሮበርትስ ለትምህርቱ ገንዘብ እንዲሰጠው በጠየቀ ጊዜ የክፍለ ሀገሩ የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት «ጉዳትህ ከባድ ስለሆነ ወደፊት ሥራ መሥራት አትችልም» በሚል ሰበብ አንገራግሮ ነበር። በ1975 ግን የዚያው መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ራሱ ሮበርትስ ነው።

በ1973 በአሜሪካ አንድ ሕግ ወጣ። ከማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳያገልል ከለከለ። ሕጉ ቢወጣም የማስፈጸሚያው ደንብ ሳይፈረም ዓመታት አለፉ። በሚያዝያ 1977 አካል ጉዳተኞችና ደጋፊዎቻቸው ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ወደሚገኘው የመንግሥት ሕንፃ ገብተው «ካልተፈረመ አንወጣም» አሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ እዚያው ተኙ። ደንቡ ተፈረመ። በ1990 ደግሞ ከዚህ የሰፋ ሕግ ታወጀ።

ሕግ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ሐበን ግርማ እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዷ ናት። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ ኤርትራዊት ናቸው፤ እርሷ በ1988 አሜሪካ ተወለደች። ማየትም መስማትም የተሳናት ናት። ሰው በኮምፒዩተር ሲጽፍላት በብሬይል ታነበዋለች። ኮሌጅ በነበረችበት ጊዜ በምግብ አዳራሹ የዕለቱ ምግብ ዝርዝር የሚወጣው በወረቀት ነበር። ሌላው ተማሪ አንብቦ የሚፈልገውን ይመርጣል፤ እርሷ ግን ምን እንደቀረበ ሳታውቅ ትሰለፋለች። ዝርዝሩን በኮምፒዩተር እንዲልኩላት ጠየቀች። አንድ ቀን ይልካሉ፣ ሌላ ቀን ይረሳሉ። መጀመሪያ «ምግብ ካገኘሁ ምን ቸገረኝ» ብላ ታልፈው ነበር። በኋላ ግን ልመናዋን ትታ መብቷ መሆኑን በሕግ አስደግፋ ነገረቻቸው። አሠራሩ ተስተካከለ። ከእርሷ በኋላ የመጣ ማየት የተሳነው ተማሪም ሳይጨቃጨቅ ዝርዝሩን አገኘ። ሐበን በ2013 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። ማየትና መስማት ሁለቱም ከተሳናቸው ሰዎች ከዚያ የሕግ ትምህርት ቤት በመመረቅ የመጀመሪያዋ ናት።

በአገራችንስ?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ፣ ቁጥር 650፣ ወጣ። ይህ አዋጅ የአካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች ትምህርት ወደሚመች ክፍል እንዲዛወር፣ ሌላ ዓይነት የፈተና አሰጣጥ እንዲዘጋጅ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲሰጥ፣ የፈተና ሰዓትና የሥራ ማስረከቢያ ቀን እንዲራዘም ደነገገ። በዚያው በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 650 በአዲስ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ፣ በቁጥር 1152፣ ተተካ።

ታዲያ ሁሉም ተሟልቷል ማለት ነው? አይደለም። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ቃል አለ። ብሬይል ማተሚያ ውድ ነው፤ አስተርጓሚም በየቦታው አይገኝም። ስለዚህ «በጀት የለም» የሚል መልስ ይመጣል። እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አለ፤ የማይጠይቅም አለ። ክፍልን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማዛወር በጀት ይጠይቃል? ግማሽ ሰዓት መጨመርስ? ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን በአፍ መናገርስ? እነዚህ የሚፈልጉት ፈቃደኝነትን ነው።

በአገራችንም በዚህ መንገድ አልፈው የወጡ አሉ። የሕግ ባለሙያዋ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸው ጠፋ። ተምረው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረጉት ትግል እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ።

እንዴት ይጠየቃል?

አንደኛ፣ በጊዜ መጠየቅ ነው። ተማሪው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ይናገር። የፈተናው ዕለት ጠዋት ቢናገር አንባቢም ክፍልም አይገኝም።

ሁለተኛ፣ የሐኪም ማስረጃ መያዝ ነው። በተለይ ጉዳቱ በዓይን የማይታይ ከሆነ ማስረጃው ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሦስተኛ፣ የሚያስፈልገውን ለይቶ መናገር ነው። «እርዱኝ» ቢል ማንም ምን እንደሚያደርግለት አያውቅም። «ፈተናውን የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ቢል ግን ሥራው ይታወቃል።

አራተኛ፣ በጽሑፍ መጠየቅና ኮፒውን ማስቀመጥ ነው። የቃል ነገር ይረሳል። ማመልከቻው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ቀን ……………
ለ…………… ዩኒቨርሲቲ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል
ጉዳዩ፦ የትምህርት ድጋፍ ስለመጠየቅ
እኔ ተማሪ …………… በዘንድሮው ዓመት በ…………… ትምህርት ክፍል የተመደብኩ ስሆን ማየት የተሳነኝ ነኝ። ትምህርቴን ለመከታተል ሦስት ነገሮች ያስፈልጉኛል። እነርሱም በድምፅ የተቀዱ መጻሕፍት፣ ፈተና የሚያነብልኝ ሰው እና ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ናቸው። የሐኪም ማስረጃ አንድ ገጽ አያይዤ አቅርቤአለሁ።
ከሰላምታ ጋር
ፊርማ ……………

አምስተኛ፣ መልስ ከጠፋ ወይም ከተከለከለ ወደ በላይ ኃላፊ መሄድ ነው። መጀመሪያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ወደ ዲኑ። አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ማኅበር ካላቸው ማኅበሩን ይዞ መጠየቅ ይጠቅማል። ብዙ ሆነው ሲጠይቁ ቶሎ ይሰማሉ።

የቤተሰብ ድርሻ

እናንት ወላጆች፣ ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ሳለ «እሱ ምን ይፈልጋል?» ተብላችሁ ብትጠየቁ «እሱን ጠይቁት» በሉ። የሚያስፈልገውን የሚያውቀው እርሱ ነው። ሰው ፊት መናገርን ከቤት ይልመድ። ልብሱን ማጠብን፣ በነጭ በትሩ መሄድን፣ ገንዘቡን ለይቶ ማወቅን ሳይሄድ በፊት አስተምሩት። ዩኒቨርሲቲ እናት የለችም።

ደግሞም እናንተ አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ከላይ ያለውን ማመልከቻ እያነበባችሁ ለጎረቤት ልጅ ማስረዳት ትችላላችሁ። ልጁ ዓይኑ የማያይ ከሆነ ሲናገር ጻፉለት፤ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡለት፤ ከዚያ ይፈርም። ትናንት ደብዳቤ አስነባቢ የነበረ ሰው ዛሬ ለሌላው አንባቢ ሲሆን የፊደል ጥቅም በተግባር ታየ ማለት ነው።

በመጨረሻም በየክፍላችሁ እንድትወያዩባቸው ሦስት ጥያቄዎች እንተውላችሁ።

1. በሰፈራችሁ በአካል ጉዳት ምክንያት ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው አለ? የከለከለው ጉዳቱ ነው ወይስ የመንገዱ መጥፋት?
2. እናንተ የምትማሩበት ክፍል በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ሊገባበት ይችላል? ካልቻለ በእጃችሁ ባለ ነገር ምን ታስተካክላላችሁ?
3. ከላይ ያለውን ማመልከቻ መስማት ለተሳናት ተማሪ ብትጽፉት ምን ምን ትለውጣላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉት።